የኤፒአይ የመረጋጋት ደረጃዎችን እንዴት እንሰይም? ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ለሚያዘጋጁ የአሠራር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአውሮፓን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር አነስተኛ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት ዝግጁ ኮድ) ሠርቼ ማንም እንዲጠቀምበት ለቅቄ ነበር። ወር የሚመልሰው ፈንክሽን ከ0 ይቆጥራል፤ መስከረም 0፣ ጳጉሜን 12። ይህን የወሰድኩት ከጃቫስክሪፕት ነው፤ እዚያ ጃንዋሪ 0 ነው። ሪድሚው (የላይብረሪው የመግቢያ ማብራሪያ ፋይል) ላይ ከፈንክሽኑ ስም አጠገብ «ቤታ» ብዬ ጻፍኩ። ቆይቼ ሳየው መስከረምን 0 ማለት ለማንም እንደማይመች ገባኝና ከ1 እንዲጀምር አድርጌ አዲስ ቨርዥን አወጣሁ።

አንድ ወዳጄ ለካ ላይብረሪውን ለአንድ ክሊኒክ በሚሠራው የቀጠሮ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶታል። የወራቱን ስም በዝርዝር የደረደረው ከ0 ጀምሮ ስለነበረ፣ አዲሱ ቨርዥን ሲገባ እያንዳንዱ ወር በአንድ ተገፋ። ኅዳር 12 ልጇን ልታስከትብ የተቀጠረች እናት ካርዷ ላይ ታኅሣሥ 12 ተብሎ ታተመላት። ፕሮግራሙ አልቆመም፣ ስህተትም አላሳየም። ነገሩ የታወቀው ነርሷ ካርዱን ከመዝገቡ ጋር ስታመሳክር ነው።

ወዳጄ ደውሎ «ቤታ ብለህ አልነበር? ሊያልቅ ትንሽ የቀረው መስሎኝ ነው የተጠቀምኩት» አለኝ። እኔ ደግሞ ቤታ ያልኩት «ገና እቀይረዋለሁ» ለማለት ነበር። አንዱን ቃል ሁለታችንም በየፊናችን ነው የተረዳነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቃሉን ስለጥፍ ምን ማለቴ እንደሆነ የትም አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያነበብኩትንና በሥራ የፈተንኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

1. ስም ከማውጣታችሁ በፊት የምትገቡትን ቃል ጻፉ

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከስሙ ነው። አልፋ፣ ቤታ፣ ስቴብል ብለን ደርድረን ትርጉሙን ለኋላ እናቆያለን። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ወረቀት አውጡና ለእያንዳንዱ የኤፒአይ ክፍል፣ ማለትም ላይብረሪው ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲጠሩት ለሚያቀርበው ለእያንዳንዱ ነገር፣ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ፦ ይህ ፈንክሽን በሚቀጥለው ቨርዥን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለወጥ ይችላል? ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ተጠቃሚው ምን ያህል ጊዜ ቀድሞ ይነገረዋል? የተሠራውስ ለማን ነው፣ ለሁሉም ወይስ ለእኛ ብቻ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ ጋር መደባለቅ የለበትም። የሃዱፕ (ብዙ ዳታ የሚያስተናግድ ኦፕን ሶርስ ሲስተም) አዘጋጆች ይህን በደንብ ለይተውታል። አንዱ ምልክት ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ይናገራል፤ ለሕዝብ፣ ለተወሰኑ ፕሮጀክቶች ወይም ለውስጥ ብቻ። ሌላው ምልክት ስለ ለውጥ ይናገራል፤ የተረጋጋ፣ እየተለወጠ ያለ ወይም ያልተረጋጋ። አንድ ፈንክሽን ለሁሉም ክፍት ሆኖ ነገ ሊለወጥ ይችላል። ሌላው ደግሞ ለዓመታት ሳይነካ ኖሮም የውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጥራት እንዳልጠየቅሁ ልብ በሉ። ኮዱ ስህተት አለበት የለበትም፣ ፈጣን ነው ዘገምተኛ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። የእኔ ፈንክሽን ከ0 ሲቆጥርም በትክክል ነበር የሚሠራው። ቤታ የሚለው ቃል አንዴ ስለ ጥራት፣ አንዴ ስለ ለውጥ ስለሚያወራ ነው ወዳጄና እኔ የተላለፍነው።

2. ደረጃዎቹን አሳንሱ

ኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ሶፍትዌር) በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስድስት ደረጃዎች ነበሩት። ከ0 እስከ 5 በቅደም ተከተል፦ የተተወ፣ የሙከራ፣ ያልተረጋጋ፣ የተረጋጋ፣ ኤፒአዩ የታሰረ፣ የተቆለፈ። ታዲያ በተረጋጋው፣ በታሰረውና በተቆለፈው መካከል ኮድ የሚጽፈው ሰው በተግባር ምን የተለየ ነገር ያደርጋል? ሦስቱንም ያምናቸዋል፣ ሦስቱንም ይጠቀማቸዋል። ዛሬ የቀሩት አራት ናቸው፦ 0 የተተወ፣ 1 የሙከራ፣ 2 የተረጋጋ፣ 3 ደግሞ አሮጌ ሆኖ የማይጠፋ።

መለኪያው ይህ ነው፤ ሁለት ደረጃዎች ተጠቃሚውን ወደ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ካልመሩት አንድ አድርጓቸው። ለአነስተኛ ላይብረሪ አራት ይበቃሉ፣ ሦስትም ያስኬዳል።

ስሙን በቁጥር ብቻ አትተዉት። በኖድ ዝርዝር 3 ከ2 ይበልጣልና አንባቢ 3 የበለጠ የሚታመን ሊመስለው ይችላል፤ የያዘው ግን አዲስ ሥራ ላይ እንዳይጠቀሙበት የሚመከረውን ክፍል ነው። ቁጥር መሰላል ያስመስላል። የኤፒአይ ዕድሜ ደግሞ እስከ ጫፍ የሚወጡት መሰላል አይደለም፤ ይገባበታል፣ ይኖርበታል፣ ይወጣበታል።

የሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ይህን የፈታበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል። ከሰነዶቹ መካከል ከርነሉ ለውጭ ፕሮግራሞች የሚያሳያቸውን መገናኛዎች የሚዘረዝር ማህደር አለ፤ በውስጡም አራት ንዑስ ማህደሮች፦ የተረጋጉ፣ በሙከራ ላይ ያሉ፣ ሊወገዱ የታሰቡ፣ የተወገዱ። የተረጋጉት ውስጥ የገባ መገናኛ ቢያንስ ለ2 ዓመት እንደማይሰበር ቃል ተገብቶለታል። የአንድ መገናኛ ደረጃ ሲቀየር የሚገልጸው ፋይል ከአንዱ ማህደር ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ታሪኩም የኮድ ለውጥን በሚመዘግበው በጊት ውስጥ ይቀራል። ይህን ማንኛችንም ዛሬውኑ ልንሠራው እንችላለን።

3. ቃላቱን ምረጡ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በአማርኛ ሰነድ ስንጽፍ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ስቴብል ለሚለው የተለመደው ትርጉም «የተረጋጋ» ነው። እኔም የሌሎችን ፕሮጀክቶች ስገልጽ እየተጠቀምኩበት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው «ሲስተሙ ተረጋጋ» ሲል የሚሰማን መውደቁን አቆመ የሚል ነው፤ እንደገና ወደ ጥራት ይመልሰናል። «ቋሚ» ደግሞ ከልክ ያለፈ ቃል ይገባል። ቋሚ የተባለ ነገር ተለወጠ ሲባል ሰው እንደተታለለ ይሰማዋል፤ ምንም ኤፒአይ ለዘላለም አይቆይም። «በሂደት ላይ» የሚለውን ፈጽሞ አትጠቀሙ። ጉዳይ ለማስፈጸም ሄዶ ይህን መልስ በመስኮት የተቀበለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ቀን የለውም፣ ምን ላድርግ ለሚለውም መልስ የለውም። «ጊዜያዊ» የሚለው ደግሞ ነገሩ ይጠፋል ወይስ ይለወጣል የሚለውን አይለይም።

ለእኔ የሠራልኝ ከቅጥር ዓለም መበደር ነው። የሙከራ ቅጥር፣ ጡረታ፣ ስንብት፣ ማስጠንቀቂያ የሚሉትን ቃላት ማንም ኢትዮጵያዊ ከነግዴታቸው ያውቃቸዋል። አሁን የላይብረሪዬ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው፦

ሙከራ፦ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ሞክሩት፣ አስተያየት ስጡ፣ ሰው የሚተማመንበት ሥራ ውስጥ ግን አታስገቡት።

ቃል የተገባለት፦ የቨርዥኑ የመጀመሪያ ቁጥር (በ1.4 ውስጥ 1) እስካልተለወጠ ድረስ አይሰበርም።

ጡረታ፦ ይሠራል፣ ይጠገናል፣ አይጠፋም። አዲስ ሥራ ግን በእሱ አትጀምሩ።

ስንብት፦ የሚወገድበት ቨርዥን ታውቋል፤ ምትኩም ተጽፏል።

ከእነዚህ ውጭ «የውስጥ» የሚል ምልክት አለ፤ እሱ የሚናገረው ስለ ለውጥ ሳይሆን ስለ ባለቤትነት ነው።

«ቃል የተገባለት» የሚለውን ያገኘሁት ከሶላሪስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። በሶላሪስ መጀመሪያ የተረጋጋ፣ እየተለወጠ ያለ፣ ያልተረጋጋ የሚሉ ስያሜዎች ነበሩ። ኋላ ግን ቃል የተገባለት፣ ቃል ያልተገባለት፣ ተለዋዋጭ በሚሉ ተተኩ። የሶላሪስ ክፍት ኮድ ወራሽ የሆነው ኢሉሞስም በማኑዋሉ ገጾች ላይ እነዚህኑ ይጠቀማል። ልዩነቱን አስተውሉት። የቀድሞው ቃል የሚገልጸው ዕቃውን ነበር፤ አዲሱ የሚገልጸው አዘጋጁ የገባውን ግዴታ ነው። በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ ስያሜ የለም።

የምትጽፉት ለዓለም አቀፍ ተጠቃሚ ከሆነ በኮዱ ውስጥ የተለመደውን የእንግሊዝኛ ቃል አቆዩና በአማርኛው ሰነድ እነዚህን ተጠቀሙ። የሁለቱን ትይዩ ግን በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጡ፤ በየፋይሉ የተለያየ ትርጉም እንዳይወጣለት።

4. ምልክቱን የተጠቃሚው እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርጉ

ሪድሚ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በቂ አይደለም። ወዳጄ ሪድሚውን ያነበበው አንድ ቀን ነው፤ ፈንክሽኑን የጠራው ግን በየቀኑ ነው።

በዚህ ረገድ ጥብቁ ምሳሌ የረስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ቨርዥን 1.0 በሜይ 2015 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት የሶፍትዌር ዓመታትም እንዲሁ) ከወጣ ጀምሮ በየ6 ሳምንቱ አዲስ ይወጣል። ገና ያልጸና የስታንዳርድ ላይብረሪ ክፍል ግን በመደበኛው ኮምፓይለር ጨርሶ አይሠራም። ዕለታዊውን ቨርዥን መጫን፣ ከዚያም በፋይሉ አናት ላይ የክፍሉን ስም ጠርቶ «ይህን እፈልጋለሁ» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። በኮዱ ውስጥ ያለው ምልክት ራሱ የክፍሉን ስምና ውይይቱ የሚካሄድበትን ቁጥር ይይዛል፤ ስለዚህ ማንም ሰው ለምን እንዳልጸና ሄዶ ማንበብ ይችላል። ኖድ ከዚህ ላላ ይላል፤ የሙከራ ክፍል ሲጠራ ብዙውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ያትማል።

ለአነስተኛ ላይብረሪ የምመክረው የሙከራ ክፍሎችን በተለየ ሞጁል ማስቀመጥ ነው። ተጠቃሚው ሲያስገባቸው «ሙከራ» የሚለው ቃል በራሱ ፋይል ውስጥ፣ በራሱ እጅ ይጻፋል፤ ኮዱን የሚገመግም ባልደረባውም ያየዋል።

በስሙ ላይ ቅጥያ ማድረግስ? የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የሆነው ሪአክት ያልጸኑ ፈንክሽኖቹን በስማቸው መጀመሪያ ላይ ያልተረጋጋ የሚል ቃል ይለጥፍባቸዋል። ይህ ያስኬዳል፤ በጥንቃቄ። ነገሩ ሲጸና ስሙ ይለወጣል፣ ስሙ ሲለወጥ የሁሉም ኮድ ይሰበራል፤ ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ቨርዥን ሁለቱም ስሞች አብረው መኖር አለባቸው። ዳታ ውስጥ ወይም በኔትወርክ በሚላክ መልእክት ውስጥ ለሚገባ ስም ግን ቅጥያውን ተዉት። የድረ ገጽ መልክ በሚጻፍበት ቋንቋ በሲኤስኤስ የሆነውን እናውቃለን፤ ዌብኪት የተባለው የብራውዘር ሞተር ለሙከራ ብሎ የራሱን ስም የለጠፈባቸውን ባሕርያት ድረ ገጾች እንደ መደበኛ ተጠቀሙባቸው፣ በመጨረሻም ፋየርፎክስ በ2016 በቨርዥን 49 የሌላ ብራውዘር ስም ያለባቸውን ባሕርያት ለመቀበል ተገደደ። ኤክስ ከሚል ፊደል የሚጀምሩ የኤችቲቲፒ ሄደሮችም (ብራውዘርና ሰርቨር ከሚለዋወጡት መልእክት ጋር የሚሄዱ መግለጫዎች) እንዲሁ ሆነው፣ በ2012 የወጣው አርኤፍሲ 6648 የተባለ የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ልማዱ እንዲቀር መከረ። የሙከራ ስም ሰው ማኅደር ውስጥ አንዴ ከገባ አይወጣም።

ከፈንክሽኑ በላይ የሚጻፈው ማብራሪያ ደግሞ ደረጃውን ብቻ ሳይሆን ያልተወሰነው ምን እንደሆነ ይናገር። ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ወዳጄ አይሳሳትም ነበር፦

ደረጃ፦ ሙከራ
የገባው፦ በቨርዥን 0.4
ያልተወሰነው፦ ወራት ከ0 ይቆጠሩ ወይስ ከ1
የሚወሰነው፦ በቨርዥን 0.6
እስከዚያ፦ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለወጥ ይችላል

ሦስተኛው መስመር ከሁሉም ይበልጣል። ተጠቃሚው የትኛው ቦታ ላይ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ይነግረዋል። ወዳጄ ያን ቢያነብ የወሩን ቁጥር በአንድ ቦታ ብቻ ተርጉሞ ያስቀምጠው ነበር፤ ለውጡ ሲመጣም አንድ መስመር ነካክቶ ያልፋል።

5. ለሙከራ የጊዜ ገደብ ቁረጡለት

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። ገደቡ ያስፈለገው ያለ እሱ ሰው በሙከራ ስም ዓመታት ሊሠራ ስለሚችል ነው። ኤፒአይም እንደዚያው ነው።

ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም) ይህን በዋጋ ተምሮታል። የውጭ ትራፊክን ወደ ሰርቨሮቹ ስብስብ የሚያስገባው ኢንግረስ የተባለ ክፍል በ2015 በቤታ ወጣ። ጥሩ ስለሚሠራ ሰዎች ዋናው ሥራቸው ላይ አዋሉት። የጸናው ቨርዥን የመጣው በ2020 በ1.19 ነው፤ አሮጌው ቤታ የተወገደው ደግሞ በኦገስት 2021 በ1.22። ለዓመታት ሁሉም የተጠቀመበትን ነገር «ቤታ ነው ብለናችኋል» ብሎ ማንሳት ሕጉን ቢያከብርም ተጠቃሚውን ብዙ ሥራ አስከፍሎታል። አዘጋጆቹም ሕጉን አጠበቁ፤ ቤታ የሆነ የኤፒአይ ቨርዥን በ9 ወር ወይም በ3 ሪሊዝ ውስጥ፣ ከሁለቱ በረዘመው፣ ወይ ማደግ ወይ ለስንብት መታጨት አለበት። ከ1.24 ጀምሮ ደግሞ አዳዲስ ቤታ ኤፒአዮች ተጠቃሚው ካልከፈታቸው በቀር ተዘግተው ነው የሚመጡት።

እናንተም ወደ ሙከራ የሚገባ ነገር ሁሉ የሚወጣበት ቨርዥን በዚያው ቀን ይጻፍለት። ቀኑ ሲደርስ ምርጫው ሦስት ነው፦ ቃል መግባት፣ ማንሳት ወይም ገደቡን በይፋ፣ ምክንያቱን ጽፎ ማራዘም። ፓይተን አሲንክአይኦ የተባለውን የስታንዳርድ ላይብረሪ ክፍል ያስተናገደበት መንገድ ጥሩ አርአያ ነው። በ2014 በ3.4 ሲገባ ገና ሊለወጥ እንደሚችል ተነግሮ ነበር፤ በ2016 መጨረሻ በ3.6 ያ ማስታወሻ ተነሣና ጸና።

በቨርዥን ቁጥር 0 ላይ መቀመጥም የሙከራ ዓይነት ነው። ሰማንቲክ ቨርዥኒንግ የተባለው የቨርዥን ቁጥር አሰጣጥ ደንብ በ0 በሚጀምር ቨርዥን ማንኛውም ነገር በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ሰዎች እየተማመኑባችሁ እንደሆነ ካወቃችሁ 1.0 ለማለት አትፍሩ።

6. ጡረታንና ስንብትን ለዩ

ጃቫ ከ1997 ጀምሮ የተተወ የሚል ምልክት አለው። ለረዥም ዓመታት ግን ይህ አንድ ምልክት «የተሻለ አለ» እና «ሊጠፋ ነው» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ተሸክሞ ኖረ። ምልክት የተደረገባቸው ክፍሎች በተግባር ሳይጠፉ ስለሚቆዩ ሰው ማስጠንቀቂያውን ችላ ማለት ለመደ። በ2017 በወጣው ጃቫ 9 ግን ምልክቱ ሁለት ነገር ተጨመረበት፤ ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንደሆነና በእርግጥ የሚወገድ መሆን አለመሆኑ።

የስንብት ማስጠንቀቂያ ስትጽፉ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ይተካ፣ በየትኛው ቨርዥን ይጠፋል የሚሉት ሦስቱ አይጉደሉ። ምትኩ ገና ሳይሠራ ስንብት አታውጁ፤ ሰውን ከቤት አስወጥቶ ሜዳ ላይ መተው ነው።

የማስጠንቀቂያው ርዝመት ከአገልግሎቱ ዕድሜ ጋር ይመዘን። በዚያው አዋጅ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የ1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ የ2 ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለቆየ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ቁጥሩ ለኮድ አይሠራም፤ አስተሳሰቡ ግን ትክክል ነው። ባለፈው ወር የገባን ፈንክሽን በአንድ ቨርዥን ማስጠንቀቂያ ማንሳት ይቻላል። አምስት ዓመት የኖረን ግን በማታውቋቸው ቢሮዎችና ክሊኒኮች ውስጥ ሥር ሰዷል።

ፓይተን ለምትጽፉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የተለመደው የስንብት ማስጠንቀቂያ ዓይነት ተጠቃሚው በቀጥታ በሚያስኬደው ፋይል ውስጥ ካልተቀሰቀሰ በነባሪው አይታይም። ላይብረሪያችሁን የሚጠራው ሌላ ላይብረሪ ከሆነ ማንም ላያየው ይችላልና በሪሊዝ ማስታወሻውም ላይ በግልጽ ጻፉት።

7. ምልክት የሌለው ምን እንደሆነ ተናገሩ

ሁሉም ነገር ላይ ምልክት አይደረግም። ስለዚህ ሰነዱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «በዚህ ገጽ ያልተዘረዘረ ሁሉ የውስጥ ነው»። የስህተት መልእክት ቃላት፣ የዝርዝር ቅደም ተከተል፣ የፍጥነት ልክ በቃሉ ውስጥ ይግቡ አይግቡ እዚያው ይነገር። ተጠቃሚ ሲበዛ ያልጻፋችሁትንም ባሕርይ የሚደገፍበት ሰው አይጠፋም፤ ቢያንስ የት እንደቆማችሁ አስቀድሞ ይወቅ።

8. ስሞቹን በሰው ላይ ፈትኑ

ገጹ ካለቀ በኋላ ከማውጣታችሁ በፊት ላይብረሪውን ለማያውቁ ሦስት ባልደረቦች ስሞቹን ብቻ፣ ያለ ማብራሪያ፣ አሳዩአቸው። «ይህ የተጻፈበትን ፈንክሽን ነገ ደንበኛ በሚጠቀምበት ፕሮግራም ውስጥ ታስገባለህ? ታስገቢያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተለያየ ቃሉን ለውጡ፤ ማብራሪያውን ማርዘም አይፈውሰውም።

እኔ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ዝርዝር ላይ ከ«ስንብት» ይልቅ «የተተወ» የሚል ነበር። ክሊኒኩን የሚያገለግለውን ወዳጄን ሳሳየው «የተተወ ማለት አትነካውም ማለት ነው፤ እንዳለ ይቀራል» አለኝ። ሌላዋ ባልደረባዬ «ጠፍቷል ማለት አይደል?» አለች። «ስንብት» ስላቸው ግን ሁለቱም በአንድ አፍ «መቼ ነው የሚሰናበተው?» ብለው ጠየቁ። የሚወገድበት ቨርዥን የሚጻፍበትን መስመር ከስሙ ቀጥሎ ያስቀመጥኩት በዚያ ምክንያት ነው።